ሁለት ሽጉጥ የያዘ ሰው ጓደኛውን በምን ይጎትታል?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንድ ብሎክ ሥር ባለ የጋራ ቤት ቅዳሜ ማታ አምስት ወጣቶች ይሰበሰባሉ። በሌላ ቀን ያው ቤት ለቅሶ ይቀመጥበታል፣ ለሠርግ ሽንኩርት ይከተፍበታል፣ ኮሚቴው ስለ ውሃ ፓምፕ ይጨቃጨቅበታል። ቅዳሜ ማታ ግን ጠረጴዛው ላይ የሚታየው በእጅ የተሣለ ካርታ፣ አምስት እርሳስ፣ አንድ ሳህን ቆሎና ሃያ ሃያ ገጽ ያላቸው ሁለት ዳይሶች ናቸው።

የብሎኩ ጥበቃ መጀመሪያ የገቡት ቁማር መስሏቸው ነው። ዳይስ ሲንከባለል ሰምተው፣ ባትሪያቸውን እያበሩ በሩ ላይ ቆሙ። «ብር የታለ?» አሉ። ብር የለም። «ታዲያ ምንድን ነው የምትጫወቱት?» አምስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ይሄ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል። የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና ያንን ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ተራኪው «መንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሟል፣ ከቁጥቋጦው ኮሽታ ይሰማል» ይላል። ተጫዋቹ «ከበቅሎዬ እወርዳለሁ» ይላል። ነገሩ ሲያጠራጥር፣ ጥይቱ ያግኝ አያግኝ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ዳይስ ይወረወራል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 «ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ካወጡ ወዲህ በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት ሕግ ተጽፎለታል።

የልደታው ተራኪ ቀን ቀን ባንክ ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነው። ድራጎንና ጠንቋይ አልፈለገም። ታሪኩን ወደ 1890ዎቹ መጨረሻ ወሰደው። አድዋ አልፏል፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሷል፤ አዲስ አበባ ግን ገና አልገባም። ተጫዋቾቹ በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል ሸቀጥ የሚያመላልሱ ሲራራ ነጋዴዎችና ጠባቂዎቻቸው ናቸው። በቅሎ አላቸው፣ ድንኳን አላቸው፣ መሣሪያም አላቸው። ጣጣው የመጣው ከመሣሪያው ነው።

ከተጫዋቾቹ ትንሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አንድ ቅዳሜ ወረቀቱ ላይ «ሁለት ሽጉጥ» ብሎ ጽፎ መጣ። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። «በአንድ ዙር ሁለቴ እተኩሳለሁ» አለ። ጨርቅ ነጋዴ ሴት ሆና የምትጫወተው ነርስ ሳቀች። «እኔም ሁለት ጃንጥላ እይዛለሁ» አለች። ተራኪው ግን አልሳቀም። ሕግ መስጠት የሱ ሥራ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ለሁሉም እኩል መሥራት አለበት።

ሌሎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈቱት ሲያገላብጥ ሰነበተ። አንዱ መንገድ ቅጣት ነው። ጉርፕስ የተባለው ጨዋታ በሁለት እጅ በአንዴ የሚተኩስን ሰው በሁለቱም ምት ላይ 4 ነጥብ ይቀንስበታል፤ በግራው ላይ ደግሞ ሌላ 4 ይጨምራል፣ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነለት በስተቀር። ሁለተኛው መንገድ ማካፈል ነው። በሻዶውረን ተጫዋቹ በእጁ ያሉትን ዳይሶች ለሁለቱ መሣሪያዎች ይከፍላል፤ ለአንዱ የሰጠውን ከሌላው ያጎድላል። ሦስተኛው መንገድ በሩን መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕግ በሁለት እጅ መዋጋትን የሚፈቅደው ቀለል ላሉ የእጅ በእጅ መሣሪያዎች ብቻ ነው። ለሁለት ጩቤ ይሠራል፤ ለሁለት ሽጉጥ አይሠራም።

ተራኪው ከቅጣቱ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ምት 4 ነጥብ ቀነሰ። ከዚያ እንደ ባንክ ሠራተኛነቱ ወረቀት አውጥቶ አሰላው።

ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ 11 ወይም ከዚያ በላይ ሲያወጣ የሚመታ መካከለኛ ተኳሽ ይኑር። በ20 ዙር በአንድ ሽጉጥ 10 ጊዜ ያህል ይመታል። ሁለት ሽጉጥ ይዞ 4 ሲቀነስበት ደግሞ 15 ማውጣት አለበት፤ በ20 ዙር 40 ጥይት ተኩሶ 12 ጊዜ ይመታል። ትንሽ አተረፈ። ጎበዙ፣ 6 ሲያወጣ የሚመታው፣ በአንድ ሽጉጥ 15 ጊዜ፣ በሁለት ሽጉጥ 22 ጊዜ ይመታል። ብዙ አተረፈ። ጀማሪው፣ 16 ማውጣት ያለበት፣ በአንድ ሽጉጥ 5 ጊዜ ይመታል፤ በሁለት ሽጉጥ ግን 2 ጊዜ ብቻ። ከሰረ። ትርፍና ኪሳራው እኩል የሚሆነው 13 ማውጣት ያለበት ሰው ላይ ነው፤ እሱ በአንዱም በሁለቱም 8 ጊዜ ይመታል።

ስለዚህ ቅጣቱ ሁለት ሽጉጥን ከባድ አላደረገውም። ያደረገው ጎበዙን ይበልጥ ጎበዝ፣ ደካማውን ይበልጥ ደካማ ማድረግ ነው። ተማሪው ደግሞ ጎበዝ ተኳሽ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ስሌቱን ሲያይ ፈገግ አለ። «ይመቸኛል» አለ።

ሁለት ሽጉጥ ለተማሪው ከየት መጣ? ከፊልም ነው። የሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር ጆን ዉ እ.ኤ.አ. በ1986 በሠራው «ኤ ቤተር ቱሞሮው» ውስጥ በሁለት እጁ የሚተኩሰውን ሰው ዓለም ተቀበለው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ዓይነት ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ፣ በየጌም ቤቱ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የ«ቱም ሬይደር» ጌም ጀግናም ሁለት ሽጉጥ ነው የያዘችው። የአዲስ አበባ ልጅ ሽጉጥ በእጁ ሳይነካ ሁለት ሽጉጥ አተኳኮስ ያውቃል።

ልብ ብሎ ላየው ግን ፊልሙ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። በዚያ የጆን ዉ ፊልም ውስጥ ተኳሹ አስቀድሞ በኮሪደሩ የአበባ ማሰሮዎች ውስጥ ሽጉጥ ይደብቃል። የያዘው ሲያልቅበት ጥሎት ሌላ ያነሣል። ለምን? ሁለቱም እጁ ተይዞ ጥይት መሙላት ስለማይችል ነው። ድሮም ሰው ብዙ ሽጉጥ የሚታጠቀው ለዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1724 የታተመ የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ ብላክቤርድን ሦስት ጥንድ ሽጉጥ የታጠቀ አድርጎ ያቀርበዋል። የዚያ ዘመን ሽጉጥ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና ባሩድና አረር እስኪጎርስ ድረስ ብረት ብቻ ነው። ብዙ ሽጉጥ የያዘ ሰው በአንዴ ለመተኮስ ሳይሆን ተራ በተራ ለመተኮስ ነው የያዘው።

ይህ ክርክር በጦፈበት ቅዳሜ ነው ጥበቃው ለሁለተኛ ጊዜ በሩ ላይ የቆሙት። በዚህ ጊዜ ቁማር ፍለጋ አልነበረም። ብርድ ነበር፣ ቆሎም ነበር። ልጆቹ ወንበር ሰጧቸው። በባድመ ጦርነት ጊዜ ወታደር እንደነበሩ ሠፈሩ ያውቃል፤ እሳቸው ግን አያወሩትም። ክርክሩን ዝም ብለው ሰሙና ተማሪውን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ሁለቱንም ሲጨርስ በምን ያጎርሳቸዋል?»

ተማሪው ትንሽ አሰበ። «አንዱን ወገቡ ላይ ይሰካል፣ ጋሼ።»

«እሺ። ሲተኩስስ የትኛውን እያየ ነው የሚያልመው?»

ተማሪው ሁለት እጁን ዘረጋ። ሁለት ጣቱን አነጣጠረ። ቀኙን ሲያይ ግራው ዞረ። ግራውን ሲያይ ቀኙ ወደቀ። ነርሷ እንደገና ሳቀች።

ጥበቃው አልሳቁም። «እኛ አንዱንም ሽጉጥ በሁለት እጅ ነበር የምንይዘው» አሉ። ከዚያ ቆሎውን እየዘገኑ፣ የተለየ ነገር እንዳልተናገሩ ሁሉ፣ «ጓደኛው ሲወድቅስ በምን ይጎትተዋል?» ብለው ጨመሩ። መኪና ጡሩምባ ነፋ። በር ሊከፍቱ ወጡ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ለጥቂት ጊዜ የሚናገር ጠፋ።

ተራኪው በዚያ ሳምንት ሕጉን ሙሉ በሙሉ ቀየረ። ቅጣቱን ተወው። ስለ እጅና ስለ ጥይት አሰበ። ስለ ጥይት ለማሰብ ደግሞ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገውም። ታሪኩን ያስቀመጠበት ዘመን ራሱ መልስ ነበረው።

በዚያ ዘመን በብዙ ሰው ትከሻ ላይ የነበረው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል። አንድ ጥይት ያጎርሳል፣ አንድ ይተኩሳል፣ እንደገና ያጎርሳል። የውጅግራ ጥይት ደግሞ ተራ ነገር አልነበረም። ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ዶሮ የሚገዛው፣ ለበቅሎ ድርቆሽ የሚገዛው፣ ሽፍታ ላይ የሚተኮሰውም ያው ጥይት ነው። ዝናር ማለት የጦር ዕቃም ቦርሳም ነበር። የተኮሰ ሰው ከፍሏል። የሳተ ሰው ከስሯል።

አዲሱ ሕግ አራት ነጥብ ብቻ አለው።

1. እያንዳንዱ ተጫዋች ጥይቱን በጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ሲተኩስ አንድ ያነሣል። ገበያ ሲገባም የሚከፍለው ከዚያው ላይ ነው።

2. በሁለት ሽጉጥ መተኮስ ይቻላል። አልሞ የሚተኮሰው ግን በአንዱ ነው። ሁለተኛው የሚመታው ዳይሱ 20 ካወጣ ብቻ ነው። ሁለቱም ጥይት ይበላሉ።

3. ለማጉረስ አንድ ባዶ እጅ ያስፈልጋል።

4. በር ለመክፈት፣ በቅሎ ለመያዝ፣ ቁስል ለማሰር፣ የወደቀ ሰው ለመጎተት ባዶ እጅ ያስፈልጋል። ሁለት ሽጉጥ የያዘ ሰው መጀመሪያ አንዱን መልቀቅ አለበት፤ መልቀቁ አንድ ዙር ይወስድበታል።

መጀመሪያ ጥይት የተደረገው ሽምብራ ቆሎ ነበር። አልሆነም፤ ተጫዋቾቹ በሉት። ከሁለት ሰዓት ጨዋታ በኋላ ሽፍታው ሳይመጣ ዝናሩ ሁሉ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥይቱ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ቆርኪ አይበላም፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም ድምፅ አለው። አንድ ሰው ሲተኩስ ሌሎቹ ይሰሙታል።

ተማሪው ሕጉን ተቃወመ። ክርክሩም ዋዛ አልነበረም። «ይሄ ጨዋታ ነው» አለ። «ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሠራና ሲማር ውሎ ማታ ጀግና መሆን ቢፈልግ ምን አለበት? በእውነት ከባድ የሆነውን ሁሉ ጨዋታ ውስጥ የምናመጣ ከሆነ ለምን እንጫወታለን? ሳቬጅ ወርልድስ በሁለት ሽጉጥ ጎበዝ ለሆነ ሰው ቅጣቱን የሚያነሣ ልዩ ችሎታ አለው። እነሱ አያውቁም ማለት ነው?»

ያውቃሉ። ሳቬጅ ወርልድስ የድርጊት ፊልም መምሰል የሚፈልግ ጨዋታ ነው፤ ሕጉም ያንን በሐቀኝነት ይናገራል። ፊልም የሚፈልግ ጠረጴዛ ፊልም ይጫወት። ችግር የሚመጣው የፊልሙ ሕግ እንደ እውነት ሲወሰድ ነው። የውጊያ ሕግ ሁሉ፣ ጨዋታም ቢሆን፣ ስለ ውጊያ የተሰጠ አስተያየት ነው። ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር ይወስናል። ምት ብቻ የሚቆጥር ሕግ «ዋናው ነገር ስንት መታህ የሚለው ነው» ይላል። ጥይት የሚቆጥር ሕግ «ይህ ሁሉ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። እጅ የሚቆጥር ሕግ ደግሞ «አጠገብህ ማን አለ?» ይላል።

የመጀመሪያውን ስሌት በጥይት ዓይን መልሶ ያየው ሰው ይህን ይረዳዋል። መካከለኛው ተኳሽ በሁለት ሽጉጥ ከ10 ምት ወደ 12 ምት አደገ። ለዚያ ግን 20 ጥይት ጨመረ። ለአንድ ተጨማሪ ምት 10 ጥይት ማለት ነው። ምት ብቻ በሚቆጠርበት ወረቀት ላይ ይህ ሰው አትርፏል። ዝናሩን ለሚቆጥር ነጋዴ ግን የከሰረ ሰው ነው።

ይህ የጠረጴዛ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ስለ ውጊያ በየስልኩ የሚነበበው ሁሉ በመጀመሪያው ስሌት የተጻፈ ነው። ይህን ያህል ተደመሰሰ፣ ይህን ያህል ተማረከ፣ ይህ ቦታ ተያዘ። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየትም እንደ ፊልም ተመልካች ያጨበጭባል። ጥይቱ ከየትኛው ገበያ ላይ ጎድሎ እንደተገዛ፣ የወደቀውን ማን እንደጎተተው፣ የጎተተውስ ምን ጥሎ እንደሆነ የሚጽፍ ጥቂት ነው። መሣሪያ በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ በሚተኮስበት አገር፣ ፉከራው የገዳይን ስም በሚያነሣበት አገር፣ ለሚጎትት ሰው የሚፎከርለት ስንት ጊዜ ነው? መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ደንግጓል። አዋጅ መሣሪያን ሊቆጥር ይችላል። ስለ መሣሪያ የሚታሰበውን የሚቀርጸው ግን ልጅ ሆነው የተጫወቱት፣ ያዩትና የሰሙት ነው።

አዲሱ ሕግ የተፈተነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ነጋዴዎቹ አዋሽን ለመሻገር ሲዘጋጁ ሽፍቶች ከሁለት በኩል ተኮሱ። የነርሷ ጨርቅ ነጋዴ ተመታች። በጠረጴዛው ልማድ የቆሰለ ሰው «ባልቻ አድርሱኝ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሆስፒታሉ ለሠፈሩ ቅርብ ነው፣ ስሙም የአድዋው መድፈኛ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስለሆነ ለታሪኩ ይስማማል። ነርሷም ጮኸች። ሁሉም ሳቁ። ተራኪው ግን ሦስት ቆርኪ ገልብጦ ፊቷ አስቀመጠ። «ደሟ እየፈሰሰ ነው። ሦስት ዙር አላት።»

ቅርብ የነበረው ተማሪው ነው። በሁለት እጁ ሁለት ሽጉጥ፣ በፊቱ አምስት ጥይት። አንዱን ሽጉጥ ጥሎ ሊጎትታት ይችል ነበር። «አንድ ዙር ብቻ ልተኩስ» አለ። ተኮሰ፤ አንዱ አገኘ፣ ሌላው ሳተ። አንድ ቆርኪ ከነርሷ ፊት ተነሣ። «አንድ ብቻ ቀርቷል፣ እሱን ልጨርስ» አለ። ተኮሰ። አገኘ። ሁለተኛው ቆርኪ ተነሣ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሽጉጡን ጣለ፤ መጣሉ ግን ራሱ አንድ ዙር ነው።

ሽፍቶቹ ሸሹ። ሸቀጡ ተረፈ። ነርሷ ለአምስት ወር የተጫወተቻትን ሴት ወረቀት ለሁለት አጠፈችው።

«አሸነፍን አይደል?» አለች። በንዴት አልነበረም። ዝም ብላ ነው የጠየቀችው። በሥራዋ ላይ ዘግይቶ የመጣ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

ተማሪው ያን ማታ ዳይሱን አልነካም። ሌላው ተጫዋች ሊያጽናናው «ወረቀት ናት እኮ» አለው። ወረቀት መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ከላይ ባቡሩ ሲያልፍ እስኪሰማ ድረስ ክፍሉ ጸጥ አለ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ነርሷ አዲስ ሰው ፈጥራ መጣች፤ በቅሎ ነጂ፣ መሣሪያ የማይዝ። ተማሪው ሁለቱንም ሽጉጥ ወረቀቱ ላይ አስቀርቷቸዋል። ግን ከጎናቸው በእርሳስ «አንዱ ሁልጊዜ ወገብ ላይ» ብሎ ጽፎበታል። ሕጉ አላስገደደውም፤ በሁለት እጅ መተኮስ አሁንም ይፈቀዳል።

ጥበቃው እንደ ልማዳቸው ቆሎ ፍለጋ ብቅ አሉ። ጠረጴዛውን አይተው፣ «ያቺ ጨርቅ ነጋዴ ደህና ናት?» ብለው ጠየቁ።

«አልደረስኩላትም፣ ጋሼ» አለ ተማሪው።

ጥበቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። የዚያን ቀን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ እስኪጠራቸው ድረስ ቆዩ፤ ተራኪውም ያለ ጥያቄ አንድ ባዶ ወረቀትና አሥር ቆርኪ ፊታቸው አስቀመጠ።